የድሮውን ቴሌቪዥን ዝም ብላችሁ አትሰኩት

ከደባርቅም ከዳባትም «የአባቴ ቴሌቪዥን አለ፤ ይነሣል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ይነሣ ይሆናል፤ መጀመሪያ ግን ይታይ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር የዘመኑ ተቀባዮች በአብዛኛው ባለቫልቭ ነበሩ። ቫልቭ አየሩ የተመጠጠ መስታወት ነው፤ ውስጡ ያለው ክፍል ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል፣ ግሪድ የሚባለው ፍርግርግ ደግሞ ፍሰቱን ይቆጣጠራል። ምስሉ የሚዘገየው እስኪግል ነው።

ጀርባው ሲከፈት ቀድሜ የማየው የቫልቩን አናት ነው። የሚያብለጨልጭ የብር ቀለም ካለው ደህና ነው፤ ያ ባሪየም ነው፣ የተረፈ አየር ይመጥጣል። ወተት መስሎ ከነጣ አየር ገብቶበታል፣ አለቀለት። ቁጥሩ በ«ፒ» ከጀመረ፣ ለምሳሌ ፒኤል 36፣ የማሞቂያ ክሮቹ በተከታታይ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲበጠስ ሁሉም ይጠፋሉ። ስለዚህ «ሁሉም ተቃጥሏል፣ ሁሉም ይቀየር» የሚላችሁን አትመኑት፤ የተበጠሰው በመልቲሜትር ይገኛል።

የእኛ አካባቢ ጣጣ ከፍታው ነው። ደባርቅ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ የሳሳ አየር ሙቀት ቶሎ አይወስድም፣ ከፍተኛ ቮልቴጅም በቀላሉ ይዘልበታል። ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ከ15,000 ቮልት ሊያልፍ ይችላል፤ አቧራ ከታከለበት ቲስ ቲስ እያለ ሰማያዊ ብልጭታ ያወጣል።

ስክሪኑም እኮ ራሱ ቫልቭ ነው፣ ትልቁ! ከሶኬት ተነቅሎም ቻርጅ ይይዛል። በብዙዎቹ ላይ ሻሲውም በቀጥታ ከመብራቱ መስመር ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ እጃችሁን ሳትሰዱ ወደ ባለሙያ አምጡት።