ከአባት ዕድሜ ማለፍ

አሜሪካዊው ጸሐፊ ጂም ፊክስ 35 ዓመት ሲሞላው ክብደቱ 97 ኪሎ ገደማ ነበር፤ በቀን ሁለት ፓኮ ሲጋራ ያጨሳል። አባቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በልብ ሕመም የወደቁት በዚሁ በ35 ዓመታቸው ነው፤ በ43 ዓመታቸው አረፉ። ልጅየው እ.ኤ.አ. በ1967 መሮጥ ጀመረ፣ ሲጋራውን ተወ፣ 27 ኪሎ ያህል ቀነሰ። በ1977 ያሳተመው የሩጫ መጽሐፍ ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጦ ብዙ አሜሪካውያንን ከቤት አስወጣ። በጁላይ 1984 ቬርሞንት ውስጥ ሃርድዊክ በምትባል ትንሽ ከተማ እየሮጠ ሳለ ወድቆ ሞተ። 52 ዓመቱ ነበር።

በአስከሬን ምርመራው ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ሦስቱም ዋና ዋና ሥሮች ጠበው ተገኙ፤ አንደኛው 95 ከመቶ ያህል ተዘግቷል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው “ታዲያ ሩጫው ምን ፈየደለት?” አለ። ከአባቱ 9 ዓመት በልጦ ኖሯል፤ የሰጠው ሩጫው ነው ብሎ መማል ባይቻልም፣ ሲጋራ መተዉና መክሳቱ ልቡን እንደጠቀሙት አልጠራጠርም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። ከመሞቱ ከወራት በፊት ዳላስ የሚገኘውን የዶክተር ኬኔት ኩፐርን የአካል ብቃትና የጤና ማዕከል ጎብኝቶ ነበር። በመሮጫ ማሽን ላይ ልቡ እንዲመረመር ተጠየቀና አልፈለገም። የአባቱ ሞት አኗኗሩን አስለወጠው፤ ወደ ምርመራ ግን አላደረሰውም።

ሐኪሞች “በቤተሰብ አለ” የሚሉት አባት ወይም ወንድም ከ55፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመት በፊት የልብ ሥር መጥበብ ሲያገኛቸው ነው። በ80 ዓመታቸው ልባቸው የደከመ አያት እዚህ ውስጥ አይገቡም። እኛ ዘንድ ከባዱ ይህን ማወቁ ነው። ብዙ ሰው ያረፈው ቤቱ ነው፤ “ድንገት አመመው፣ ሳይነጋ አረፈ” ይባልና በዚያው ይቀራል። ልደትም አልተጻፈም። ሆኖም “አክስቴ፣ አባባ ሲያርፉ ዕድሜያቸው ስንት ነበር?” ብሎ መጠየቅ ከንቱ አይደለም። “እኔ ምኑን አውቄው! ደርግ ሲገባ ገና ሙሽራ ነበር፤ ኢሕአዴግን አላየም” ካሉ መልሱ ተገኝቷል፦ ሙሽራው ያኔ 25 ዓመቱ ከነበረ 43 ሳይሞላው አርፏል። ቀጥሎ ስለ ሕመሙ ይጠየቃል። ደረቱን ጨምድዶ ያዘው? ወደ ግራ እጁ ወረደ? ላብ አጠመቀው? ወይስ ከልጅነቱ ጀምሮ ትንፋሽ እያጠረው፣ እግሩ እያበጠ ቆየ? የኋለኛው በአገራችን በብዛት የሚታየውን፣ የልብ በሮችን የሚያበላሸውን የሩማቲክ የልብ ሕመም ሊያመለክት ይችላል። የዚህ መነሻው በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ስለሆነ መከላከያውም ሌላ ነው።

ታዲያ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደው ምንድን ነው? በጣም ግልጹ ምሳሌ ኮሌስትሮል ነው። የጉበት ሴሎች ኤልዲኤል የተባለውን ጎጂ ኮሌስትሮል ከደም ውስጥ የሚለቅሙባቸው ተቀባዮች አሏቸው። ይህን የደረሱበት ጆሴፍ ጎልድስታይንና ማይክል ብራውን እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ተቀባዩን የሚያሠራው ዘረመል ከአንዱ ወላጅ ተበላሽቶ ከመጣ ለቀማው ስለሚያንስ፣ ደሙ ከልደት ጀምሮ በኮሌስትሮል ይሞላል፤ ሥሮቹም ከልጅነት ጀምሮ እየተለሰኑ ይጠባሉ። ከ250 ሰዎች አንዱ ገደማ ይህ አለበት፤ ለእያንዳንዱ ልጁም የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቀጭንና ሯጭ ሊሆን ይችላል። ሩጫ ብቻውን ግን ደሙን አያጠራለትም፤ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

በአብዛኛው ቤተሰብ ግን አደጋው የሚመጣው እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ከሚያዋጡ ብዙ ዘረመሎች ነው። እዚህ ላይ የአኗኗር ጉልበት ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ55,000 በላይ ሰዎችን መረጃ የመረመረ ጥናት ታትሞ ነበር። በዘር ከፍተኛ አደጋ ካለባቸው ሰዎች መካከል፣ ካለማጨስ፣ ከልክ በላይ ካለመወፈር፣ አዘውትሮ ከመንቀሳቀስና ከጤናማ አመጋገብ ቢያንስ ሦስቱን ያሟሉት፣ አንድ ብቻ ካላቸው ወይም ምንም ከሌላቸው ይልቅ በልብ ሥር ሕመም የመያዝ አደጋቸው 46 ከመቶ ያነሰ ነበር። በአንደኛው የጥናት ቡድን በ10 ዓመት ውስጥ የታመሙት ከ100 ሰው 11 ገደማ መሆናቸው ቀርቶ ወደ 5 ወርደዋል። ዘሩ ያው ነው፤ የታማሚው ቁጥር ግን በግማሽ ቀንሷል።

ቤተሰብ የሚወራረሰው ደም ብቻም አይደለም፤ የጨው እጅ፣ የዘይት ዓይነት፣ ከምሳ በኋላ ያለች ሲጋራም ይወረሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚፈቅደው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ጾም ቅቤና ሥጋን ያስቀራል፤ ወጡ በሚረጋ የፓልም ዘይት ከተሠራ ግን፣ ከዘይቱ ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይበጀው ቅባት ነው።

አባቱን ወይም እናቱን በአጭር ዕድሜ ያጣ ሰው ደህና ነኝ ብሎ ባይቀመጥ እመኛለሁ። የደም ግፊቱን፣ ኮሌስትሮሉንና ስኳሩን ይለካ፤ ለሐኪሙ “አባቴ በዚህ ዕድሜ አርፏል” ብሎ ቁጥሩን ይንገር። ግፊት ሳያም ለዓመታት ይቆያል፤ ኮሌስትሮልም እንዲሁ። በዘር የሚወርደው ከፍተኛ ኮሌስትሮል አንዱ ላይ ከተገኘ ወንድም፣ እህትና ልጆች ሁሉ መመርመር አለባቸው። ልጅ ገና ነው ተብሎ አይታለፍም፦ ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ስታቲን የተባለው መድኃኒት ለእንዲህ ያሉ ልጆች በሐኪም ክትትል ከ8 እስከ 10 ዓመታቸው ጀምሮ ሊሰጥ ይችላል።