በረንዳው ይከፍላል ወይስ ያስከፍላል?

በቢቸናና በሞጣ ሆቴል ለመሥራት ላሰበ ባለሀብት የክፍል አሠራር በካሬ ሜትር ሲሰላ

በቢቸና ወይም በሞጣ ሦስት የመኝታ ወለል ያለው ሆቴል ለመሥራት ያሰበ ነጋዴ ፕላን አሠርቶ ሲመጣ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ዓይን የሚገባው በረንዳው ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ በረንዳ፣ እያንዳንዱ በረንዳም የራሱ ሪንጌራና የአሉሚኒየም በር ይኖረዋል። ሥዕሉ ያምራል። ሕንፃው ለሽያጭ በቀረበ ጊዜም ደላላው "ሁሉም ክፍል ባለ በረንዳ ነው" ለማለት ይመቸዋል። ዋናው ጥያቄ ግን ይህ በረንዳ በአንድ ሌሊት ስንት ብር ያስገባል የሚለው ነው።

ጥያቄው የከበደበት ምክንያት አለ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከፈቀደ በኋላ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አሉሚኒየሙ፣ መስተዋቱና ሴራሚኩ በአብዛኛው ከውጭ በሚገባ ዕቃ የሚሠሩ ስለሆኑ በረንዳ ምንዛሪ ቶሎ ከሚነካቸው የሕንፃ ክፍሎች አንዱ ነው። በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሠተው ግጭት መንገደኛውን አሳንሷል። ስለዚህ ፕላኑን አጥፎ ደህና ቀን የሚጠብቅ ባለሀብት የሚጠብቅበትን ጊዜ ፕላኑን እንደገና ለማስላት ቢጠቀምበት አይከስርም።

የመርከብ ሠሪዎች ስሌት

የመኝታ ክፍልንና የበረንዳን ዋጋ በጥንቃቄ በማስላት የመዝናኛ መርከብ ሠሪዎችን የሚያህል አይገኝም። የመርከብ ርዝመትና ስፋት የተወሰነ ነው፤ እንደ መሬት ከጎን የሚጨመር ቦታ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚያስገባው ገንዘብ አስቀድሞ ይታወቃል።

እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ የጀመረችው "ሮያል ፕሪንሰስ" የእንግዳ ክፍሎቿ በሙሉ ወደ ውጭ የሚያዩ በመሆናቸው በዘመኗ አዲስ ነገር ነበረች። ከዚያ በኋላ ባለ በረንዳ ክፍል ከፍ ባለ ዋጋ እንደሚሸጥ የተረዱት ኩባንያዎች የመርከባቸውን ጎን በበረንዳ ሞሉት። ጎኑ ሲያልቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 "ኦአሲስ ኦፍ ዘ ሲስ" የተባለችው መርከብ መሐሏ እንደ ግቢ ተከፍቶ ዛፍ ተተከለበትና ወደዚያ ግቢ የሚያዩ በረንዳዎች ተሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣችው "ሰለብሪቲ ኤጅ" ሌላ መላ ይዛ መጣች፤ በረንዳውን ከክፍሉ ጋር አንድ አድርጋ በውጭ በኩል ያለው መስተዋት ቁልፍ ሲጫኑ ዝቅ እንዲል አደረገች። እንግዳው ሲፈልግ ክፍል፣ ሲፈልግ በረንዳ ሆነለት ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ጉዞ የጀመረችው "አይከን ኦፍ ዘ ሲስ" 2,805 የእንግዳ ክፍሎች ሲኖሯት እነዚህን አሠራሮች ሁሉ አንድ ላይ ይዛለች። ተራ ባለ በረንዳ ክፍሏ 19 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን በረንዳው ከ4 ካሬ ሜትር ጥቂት ብቻ ይበልጣል። መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል በዝቅተኛ ዋጋ፣ መስኮት ያለው ከዚያ ከፍ ባለ፣ በረንዳ ያለው ደግሞ ከሁለቱም በላይ ይሸጣል። ባለ መርከቡ ለሁሉም እንግዳ አንድ ዓይነት ክፍል አይሠራም፤ በረንዳ የሚሠራው ለበረንዳ ለሚከፍል ሰው ነው።

የአገራችን ባለሀብት ይህን እንዳለ ሊገለብጠው አይችልም። መስኮት የሌለው ክፍል በመርከብ ላይ የሚሸጠው አየር ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን ስለሚሠራ ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ እንዲህ ያለ ክፍል ሻጋታ ማብቀያ ይሆናል። ሊወሰድ የሚገባው አቆጣጠሩ ነው።

አንድ ሕንፃ፣ ሦስት አሠራር

ለምሳሌ ያህል ርዝመቱ 30 ሜትር የሆነ ሕንፃ ይወሰድ። እያንዳንዱ ክፍል 3.75 ሜትር ወርድና 5.2 ሜትር ጥልቀት አለው እንበል፤ ሻወሩንና ሽንት ቤቱን ጨምሮ 19.5 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። በ30 ሜትር ውስጥ ስምንት እንዲህ ያሉ ክፍሎች ጎን ለጎን ይቆማሉ።

አንደኛው አሠራር የመሐል ኮሪደር ነው። 1.6 ሜትር ስፋት ያለው ኮሪደር መሐል ላይ ያልፋል፣ ክፍሎቹ በግራና በቀኝ ይደረደራሉ። የሕንፃው ወርድ 12 ሜትር፣ ወለሉ 360 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከ16ቱ ቦታ አንዱ ለደረጃ፣ አንዱ ለአንሶላና ለዕቃ ማስቀመጫ ሲለቀቅ 14 ክፍል ይተርፋል። ለአንድ ክፍል 25.7 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል።

ሁለተኛው ይኸው ሆኖ ለእያንዳንዱ ክፍል 1.2 ሜትር ወደ ውጭ የወጣ በረንዳ ሲጨመርበት ነው። አንዱ በረንዳ 4.5 ካሬ ሜትር፣ የ14ቱ 63 ካሬ ሜትር፣ የሦስቱ ወለል 189 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለአንድ ክፍል የሚደርሰው 30.2 ካሬ ሜትር ነው። ቦታ ጠብቦ በረንዳው ከክፍሉ ላይ ቢቀነስ ደግሞ ክፍሉ ወደ 15 ካሬ ሜትር ይወርዳል። ከዚያ ላይ 3 ካሬ ሜትር ለሻወር ሲሄድ ሁለት አልጋ መዘርጋት ያስቸግራል።

ሦስተኛው የጥንቱ የግቢ አሠራር ነው። ክፍሎቹ በአንድ ወገን ብቻ ተደርድረው፣ በራቸው 1.5 ሜትር ስፋት ወዳለው ወደ ግቢው ወደሚያይ ረጅም በረንዳ ይከፈታል። ወለሉ 201 ካሬ ሜትር፣ ክፍሉ ለደረጃ አንዱ ተነሥቶ ሰባት ይሆናል። ለአንድ ክፍል 28.7 ካሬ ሜትር ይደርሳል።

ከዚህ ስሌት ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ይወጣል። ያረጀ ነው ተብሎ የሚናቀው የግቢ በረንዳ፣ ኮሪደርና የግል በረንዳ ካለው "ዘመናዊ" አሠራር በአንድ ክፍል 1.5 ካሬ ሜትር ይቆጥባል። ምክንያቱም አንዱ ሶሌታ መተላለፊያም መቀመጫም ሆኖ ያገለግላል። በአንጻሩ በረንዳ የሌለው የመሐል ኮሪደር ከሁሉም ርካሽ ነው።

ጉድለቱም መታወቅ አለበት። የግቢው አሠራር ሰፊ መሬት ይፈልጋል፤ የከተማ መሬት በሊዝ በሚያዝበት ጊዜ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። በክፍሉ መስኮት ፊት ሰው ስለሚያልፍም መስኮቱ ከፍ ብሎ ካልተሠራ እንግዳው መጋረጃውን ዘግቶ በጨለማ ይቀመጣል።

54 ብር ከየት ይመጣል?

በረንዳ ሙሉ ግድግዳ ስለሌለው ካሬ ሜትሩ ከክፍል ይረክሳል። በግማሽ ዋጋ ይሠራል ቢባል እንኳ 4.5 ካሬ ሜትር በረንዳ የ2.25 ካሬ ሜትር ክፍል ወጪ ነው። ይህም በ25.7 ሲካፈል የአንዱን ክፍል ወጪ ወደ 9 በመቶ ያህል ያሳድጋል። የአሉሚኒየም በሩ ለብቻው ነው።

እንግዲህ ተራው ክፍል ለምሳሌ 600 ብር የሚከራይ ከሆነ፣ ባለ በረንዳው በተከራየበት ሌሊት ሁሉ 54 ብር ጨምሮ ካላስገባ ወጪው ከሌላው ክፍል ትርፍ ላይ ይነሣል። ባለ በረንዳውና በረንዳ የሌለው በአንድ ዋጋ የሚከራዩ ከሆነ ደግሞ በረንዳው ለእንግዳው በነጻ የተሰጠ ስጦታ ነው።

ታዲያ የሚያድረው ማን ነው? ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ጤፍ ሊጭን የመጣ የእህል ነጋዴ፣ በአበል የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ለሠርግና ለበዓል የመጣ ዘመድ ይገኙበታል። ሾፌሩ ማታ በ2 ሰዓት ገብቶ ሌሊት በ11 ሰዓት ሊወጣ ይችላል፤ የሚጠይቀው መኪናው ከግቢ ይገባ እንደሆነና ሙቅ ውሃ መኖሩን ነው። የአበል እንግዳው ደረሰኝና ጠረጴዛ ይፈልጋል። እነዚህ ሁለቱ ለበረንዳ 54 ብር አይጨምሩም። በረንዳ የሚፈልገው ሁለትና ሦስት ቀን የሚቀመጠው፣ ከቤተሰቡ ጋር የመጣው፣ እንግዳ ተቀብሎ ቡና የሚያስፈላው ነው። እርሱ ግን አልጋውን ዓመቱን ሙሉ አይሞላውም።

ባሕር ዳር ላይ ነገሩ ይለያል፤ ከበረንዳው ፊት ጣና አለ። እንግዳው የሚከፍለው ለሶሌታው ሳይሆን ለሐይቁ ነው። በሞጣ በኩል የሚያልፍ ጎብኚ ሊያየው የሚሄደው ሰባራ ድልድይ ግን በዓባይ ላይ እንጂ ከሆቴል በረንዳ ሥር አይደለም። ከበረንዳው ፊት ያለው የመኪና መናኸሪያ ከሆነ እንግዳው የሚሰማው ጥሩምባና የረዳት ጥሪ ነው።

ፀሐይና ዝናብ

ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ማታ ይበርዳል። እንዲህ ባለ አገር ፀሐይ ሀብት ናት። በበጋ ፀሐይ በቀትር ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በታኅሣሥ ቀትር 1.2 ሜትር የወጣ የላይኛው በረንዳ ሶሌታ፣ ወደ ደቡብ የሚያየውን ግድግዳ ከሥሩ 1.75 ሜትር ያህል ያጠላበታል። መስኮቱ በአብዛኛው ጥላ ውስጥ ዋለ ማለት ነው። ቆላ ላይ ይህ በረከት ሲሆን ደጋ ላይ ግን ክፍሉን ያቀዘቅዘዋል። በክረምት ደግሞ ክፍት በረንዳ ውሃ ከማጠራቀም በቀር የሚሰጠው አገልግሎት ጥቂት ነው።

የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይህን ከተረዳ ቆይቷል፤ በረንዳውን በመስተዋት ወይም በላሜራ ዘግቶ ዕቃ ማስቀመጫ ወይም ተጨማሪ ክፍል ያደረገው ብዙ ነው። "ሰለብሪቲ ኤጅ" በቁልፍ የሠራችውን እርሱ በብረት ሠራተኛ አሠርቶታል። ለደጋ ሆቴል ከወጣ በረንዳ ይልቅ ከወለል ከፍ ብሎ የሚጀምር ሰፊ መስኮትና ከሥሩ ሁለት ወንበር የሚሻለው ለዚህ ነው። ፀሐዩ ይገባል፣ ብርዱ ይቀራል፣ ካሬ ሜትሩም አይባክንም።

ገዢና ደላላ ሊያዩት የሚገባ

የተሠራ ሆቴል ለሚገዛ ሰው "ባለ በረንዳ" የሚለው ቃል ብቻውን ዋጋ አይጨምርም። በመጀመሪያ ሜትር ይዘርጋ፤ 1.2 ሜትር ጥልቀት ያለው በረንዳ ወንበርና ትንሽ ጠረጴዛ ይይዛል፣ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነው ልብስ ከማስጫ አያልፍም። ሁለተኛ፣ ውሃ አፍስሶ ይመልከት፤ የበረንዳው ወለል ከክፍሉ ወለል ዝቅ ብሎ ወደ ውጭ ማዘንበል ሲገባው ወደ በሩ የሚመልስ ከሆነ፣ ከሥሩ ያለው ክፍል ጣሪያ ላይ እርጥበት ይገኛል። ሦስተኛ፣ በረንዳው በጸደቀው ፕላን ላይ ያለ ወይም በኋላ የተጨመረ መሆኑን ከማዘጋጃ ቤት ያጣራ። አራተኛ፣ የአልጋ መዝገቡን ይጠይቅ፤ ባለ በረንዳው ክፍል ከሌላው በተለየ ዋጋ ተከራይቶ የማያውቅ ከሆነ ለእርሱ ተብሎ የሚጨመር ዋጋ መሠረት የለውም።

ገና ለሚሠራው ደግሞ መካከለኛ መንገድ አለ። ከላይ በተሰላው ሕንፃ ላይ 42 ክፍል አለ። የግል በረንዳ ለ42ቱም ከመሥራት፣ ጥሩ አቅጣጫ ላላቸው ስድስት የማዕዘን ክፍሎች ብቻ ሠርቶ በተለየ ዋጋ ማከራየት ይቻላል። የበረንዳው ስፋት ከ189 ወደ 27 ካሬ ሜትር ይወርዳል። የቀረው 162 ካሬ ሜትር በግማሽ ዋጋ ቢታሰብ የ3 ክፍል ማሠሪያ ያህል ነው። ከዚያ ላይ ጥቂቱን ወስዶ ፎቅ ላይ አንድ ሰፊ የጋራ ሰገነት ቢሠራበት፣ ቡናና ምሳ እየተሸጠበት አልጋ ያልያዘውም ሰው ይከፍልበታል።

በረንዳ ክፉ ነገር አይደለም። ፊቱ ሐይቅ ሲኖር ይከፍላል፤ ፊቱ መናኸሪያ ሲሆን ያስከፍላል። ፕላኑ ለፊርማ ከመቅረቡ በፊት ባለሀብቱ ለመሐንዲሱ ሊያቀርበው የሚገባው ጥያቄም አንድ ነው፤ ይህ በረንዳ ወዴት ያያል?