ተጨማሪ መረጃ፦ የቆመ ማራገቢያ ሁሉ አልተበላሸም

የግራፊክስ ካርዱ ማራገቢያ ቆሞ ብታዩ ተበላሽቷል ለማለት አትቸኩሉ። ብዙ አዳዲስ ካርዶች ሙቀታቸው 50 ወይም 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪደርስ ማራገቢያቸውን ሆን ብለው ያቆማሉ። በየሙቀቱ መጠን ማራገቢያው ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚወስነው መስመር የማራገቢያ ኩርባ ይባላል፤ በሶፍትዌር ይስተካከላል።

እንደ አምበር ባለ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው። ጥግግቱ ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ትንሽ ነው፤ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙም ይቀንሳል። በበጋ የሚቦንነው አቧራ በካርዱ የብረት ክንፎች መካከል ሲጋገር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ኩርባውን ከመነካካት በፊት አቧራውን ማየት ይሻላል።

ከመምህራችሁ ጋር ሞክሩት፦ ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይዛችሁ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። ከመጥረጋችሁ በፊትና በኋላ ሙቀቱን መዝግባችሁ አወዳድሩ።