አድማስ ፍለጋ በሰማይ

መርከበኛ ፀሐይን ወይም ኮከብን በሴክስታንት ሲለካ ከባሕሩ አድማስ በስንት ዲግሪ ከፍ እንዳለ ያነባል፤ ትክክለኛውን ሰዓት ይዞ ሰንጠረዥ ያገላብጥና ያለበትን ቦታ ያሰላል። የመጀመሪያዎቹ የውቅያኖስ አብራሪዎች ይህን ጥበብ ሲወርሱ ዋናው ነገር ጎደላቸው፤ አድማሱ። ከደመና በላይም ሆነ በጨለማ ኮከቡ ይታያል፤ የሚለካበት መስመር ግን የለም። ብሪታንያውያኑ አልኮክና ብራውን እ.ኤ.አ. በ1919 አትላንቲክን ሳያርፉ ሲሻገሩ፣ ብራውን ሰማዩን ለመለካት የቻለው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር።

መፍትሔው ግንበኛ ሁሉ የሚያውቀው ውሃ ልክ ሆነ። ፖርቱጋላዊው የባሕር ኃይል መኮንን ጋጎ ኮቲኞ በሴክስታንቱ ላይ ውሃ ልክ ገጥሞ አረፋዋን አድማስ አደረጋት። በ1922 ከአብራሪው ሳካዱራ ካብራል ጋር ከሊዝበን ወደ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ሲጓዝ፣ ከኬፕ ቨርድ ተነሥተው ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር አቋርጠው የቅዱስ ጴጥሮስና ጳውሎስ ዐለቶችን አገኙ። በካርታ ላይ ነጥብ የማያህሉ ዐለቶች ናቸው። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ተሰብሮ ጠፋ፤ ስሌቱ ግን ልክ ነበር። ለዚህ ጥበብ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

አረፋዋ በአውሮፕላኑ መናወጥ ስለምትዋልል ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ግድ ነው። ጊዜ ደግሞ አይጠብቅም። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን፣ ስሌቱ 10 ደቂቃ ቢፈጅ 30 ኪሎ ሜትር ርቋል። ሰዓት በ4 ሴኮንድ ቢዛነፍ በምድር ወገብ ላይ ስሕተቱ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አሜሪካዊው ፊሊፕ ዊምስ ስሌቱን ለማሳጠርና ሴኮንዱ ከሬዲዮ ምልክት ጋር የሚገጥም የእጅ ሰዓት ለማውጣት የደከመው ለዚህ ነው። በ1927 በኮምፓስና በሰዓት ብቻ ፓሪስ የደረሰው አብራሪው ሊንድበርግም በዓመቱ የዊምስ ተማሪ ሆነ።

አንድ ልኬት ግን የሚሰጠው ነጥብ ሳይሆን መስመር ነው፤ በመስመሩ የትኛው ቦታ ላይ እንዳሉ አይናገርም። ፍራንሲስ ቺቼስተር በ1931 ብቻውን ከኒውዚላንድ ወደ ኖርፎክ ደሴት ሲበር ይህን ጉድለት በብልሃት አለፈው። በቀጥታ ወደ ደሴቲቱ አላመራም፤ ሆን ብሎ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። የፀሐይ ልኬቱ በደሴቲቱ ላይ በሚያልፈው መስመር መድረሱን ሲነግረው ዞረ። በየት በኩል እንዳለች ያውቅ ነበርና አገኛት።

የፓን አሜሪካን አየር መንገድን የፓሲፊክ በረራዎች አቅጣጫ ሲመራ የነበረው ፍሬድ ኑናን ከአብራሪዋ አሜሊያ ኤርሃርት ጋር ወደ ትንሿ ሃውላንድ ደሴት የበረረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1937 ነው። ከኤርሃርት በመጨረሻ የተሰማው መልእክት በ157–337 ዲግሪ መስመር ላይ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እየበረሩ መሆናቸውን ይገልጻል። ይህ የማለዳ ፀሐይ የምትሰጠው መስመር ነው። አውሮፕላናቸው እስካሁን አልተገኘም።