የሰነበተ የወገብ ሕመምና የዕለት ሥራችን

የገበሬ ሥራ ወገብ ይፈልጋል። እናርሳለን፣ እናርማለን፣ እናጭዳለን፣ እንሸከማለን። ሴቶቻችን ውኃ ይቀዳሉ፤ እንጨትና ኩበት ይሸከማሉ፤ ጎንበስ ብለው እንጀራ ይጋግራሉ። ያውም ብዙ ጊዜ ልጅ በአንቀልባ አዝለው ነው። የአንኮበር መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ ብርዷ ይጠነክራል። በብርድ የደረቀ ጡንቻ ቶሎ አይፍታታም። ስለዚህ በየቤቱ «ኧረ ወገቤን!» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው።

ሕመሙ ከምን ይመጣል?

አከርካሪያችን በላይ በላዩ የተደረደሩ አጥንቶች ናቸው። በአጥንቶቹ መካከል ትራስ የመሰለ ለስላሳ ነገር አለ። ዙሪያውን ጡንቻና ጅማት ይዞታል። ጎንበስ ብለን ወይም ተጠማዘን ከባድ ነገር ስናነሣ እነዚህ ሊጎዱ ይችላሉ። ብዙ ሰው ወገቡን ሲያመው «ኩላሊቴ ነው» ይላል። ነገር ግን አብዛኛው የወገብ ሕመም ከጡንቻ፣ ከጅማትና ከአጥንት መጋጠሚያ የሚመጣ እንጂ የኩላሊት አይደለም።

አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ በጥቂት ሳምንት ይሻላል። ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ግን የሰነበተ ሕመም ይባላል። የሰነበተ ሕመም ጠባዩ ለየት ይላል። ጉዳቱ ከዳነ በኋላም ነርቮች ሕመም ማሰማታቸውን ላይተዉ ይችላሉ። ሌባው ከሄደ በኋላም እንደሚጮኽ ውሻ ማለት ነው። ስለዚህ አመመን ማለት ሁልጊዜ ወገባችን እየተጎዳ ነው ማለት አይደለም። ቢሆንም ሕመሙ እውነተኛ ነው። የታመመውን ሰው «ሰነፍ ነው» ማለት አይገባም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ብዙ ቀን መተኛት ጡንቻን ያደክማል፤ ሕመሙንም ያባብሳል። በሌላ በኩል ደህና ስንሆን የሳምንቱን ሥራ በአንድ ቀን እንጨርስ ብንል በማግሥቱ እንወድቃለን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ! በየቀኑ ጥቂት መሥራት፣ ጥቂት ማረፍ፣ እንደገና መሥራት ይሻላል።

አንደኛ፣ ሸክምን እንከፋፍል። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ይመዝናል። በትንንሽ ጀሪካን ሁለት ጊዜ መመላለስ ወይም አህያ መጫን ወገብን ያሳርፋል።

ሁለተኛ፣ ዕቃ ስናነሣ ጉልበታችንን አጥፈን፣ ዕቃውን ደረታችን አጠገብ እንያዝ። አንድ ቁና ገብስ ክንድን ዘርግተን ስንይዘው እንዴት እንደሚከብድ እናውቃለን። ለወገብም እንዲሁ ነው። አህያ ስንጭን ሁለት ሆነን እናንሣ።

ሦስተኛ፣ ለረጅም ጊዜ አንጎንበስ። ጥቂት ትልም አርሰን በሬዎቹ ሲያርፉ እኛም ቀና እንበል። ስናጭድ እግር እየለዋወጥን አንድ ጉልበታችንን እናንበርክክ። የእንጀራ ምድጃውንም በድንጋይና በጭቃ ከፍ እናድርገው።

አራተኛ፣ ስንተኛ በጎናችን ሆነን በጉልበቶቻችን መካከል የታጠፈ ጋቢ ብናደርግ ወገብ ይላላል። በውርጭ ጊዜ ለብ ያለ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልሎ ወገብ ላይ ማድረግ ሕመሙን ያስታግሣል። በእሳት መተኮስ ግን ቁስል ያመጣል እንጂ አያድንም። ወጌሻም ቢሆን በቀስታ ይሽ እንጂ አከርካሪያችንን አይርገጥ።

አምስተኛ፣ የማስታገሻ ክኒን ባለሙያ ሳያዝ ለብዙ ጊዜ መዋጥ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ሳንውል ሳናድር መታከም ያለብን መቼ ነው?

እግር ከሰነፈ፣ በጭን መካከል ያለው ገላ ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ዓይነ ምድር አልያዝ ወይም አልወጣ ካለ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ከዛፍ ወይም ከበቅሎ ወድቀን ወገባችን ክፉኛ ከታመመም እንዲሁ ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለ ወይም ጀርባ ከጎበጠ የአከርካሪ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ነቀርሳ በመድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ያልተፈላ ወተት መጠጣትም ትኩሳትና የወገብ ሕመም የሚያስከትል ብሩሴሎሲስ የሚባል የከብት በሽታ ያመጣል። ወተት እናፍላ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና ለቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቶሎ እንንገር።

ሸክሙ የጋራ ነው

የቤቷ እመቤት ወገቧ ከተያዘ ውኃው አይቀዳም፤ እንጀራውም አይጋገርም። አባወራው ከወደቀ እርሻው ጦም ያድራል። ስለዚህ «ውኃ መቅዳት የሴት ሥራ ነው» የሚለው ልማድ ቤቱን ሁሉ ይጎዳል። ባልም ወንድ ልጅም ውኃ ይቅዳ። በደቦ ቀንም ወገቡን የሚያመው ሰው ነዶ ከሚሸከም አውድማ ላይ በሬ ይንዳ። እንዲህ ከሆነ የታመመው ከሥራም ከሰውም አይለይም። የሰነበተ ሕመም ፈጽሞ ባይጠፋ እንኳ አብረነው ሠርተን ማደር እንችላለን።

እንወያይበት

1. በቤታችን ከባዱን ሸክም የሚሸከመው ማነው? እንዴት ልንከፋፈለው እንችላለን?
2. ብዙ ቀን መተኛት ለወገብ የማይጠቅመው ለምንድን ነው?
3. ቶሎ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱት ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?