ተጨማሪ መረጃ፦ ነጥቦቹን ቀለም ቀቧቸው

ሞርሲቶ አካባቢ ካለ ጓሮ የ20 እንሰቶችን ቁመት፣ የግንድ ዙሪያ፣ ዕድሜና የቅጠል ብዛት መዘገባችሁ እንበል። አንድ ተራ ግራፍ ሁለት ዘንግ ብቻ አለው፤ እናንተ ግን አራት ተለዋዋጮች ይዛችኋል። እንዲህ ያለው «ባለብዙ ተለዋዋጭ መረጃ» ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የስታቲስቲክሱ ሊቅ ጆን ቱኪና ባልደረቦቹ በስታንፎርድ «ፕሪም-9» የተሰኘ ሶፍትዌር ሠሩ። እስከ 9 ተለዋዋጮች ያሉትን መረጃ በስክሪን ላይ እያሽከረከረ ያሳይ ነበር። ከዓመታት በኋላ የመጣው፣ በነጻ የሚገኘው «ጂ-ጎቢ» ደግሞ ነጥብ የማቅለም ዘዴ አለው፦ ጎን ለጎን ከተከፈቱት ግራፎች በአንዱ ላይ ጥቂት ነጥቦችን በማውስ ስትቀቡ፣ እነዚያኑ እንሰቶች የሚወክሉት ነጥቦች በሌሎቹም ግራፎች ላይ ወዲያው ቀለም ይለውጣሉ። ለምሳሌ በዕድሜና በቁመት ግራፍ ላይ ከእኩዮቻቸው በላይ የረዘሙትን ቀቡ፤ ግንዳቸው ወፍሮ ይሁን ቀጥኖ በሌላው ግራፍ ላይ ታያላችሁ። (ይህንኑ ከሠንጠረዥ ለማንበብ ብትሞክሩ ዓይን ይደክማል።)

ኮምፒውተር ከሌለስ? ሁለት ግራፍ በእርሳስ ሥሩ፤ ለየእንሰቱ ቁጥር ስጡ፤ ለቤት ቀርበው ፍግ የሚደርሳቸውን በሁለቱም ላይ ቀይ ቀቡ። ቀዮቹ የት ተሰበሰቡ?