ኪራይ የደመወዝን ዱካ ሲከተል፦ ሮቤ፣ ጎባ እና አንገቱ

በ1987 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የባሌዋ ጎባ 28,358 ነዋሪ ነበራት፤ ሮቤ ደግሞ 21,516። በ1999 ቆጠራ ግን ተራው ተገለበጠ። ሮቤ 44,382 ስትደርስ ጎባ 32,025 ላይ ቀረች። ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ብርዱ አንድ ነው፣ ስንዴው አንድ ነው፣ ጋብቻውና ለቅሶውም አንድ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንዷን በእጥፍ አሳድጎ ሌላዋን በዝግታ ያስጓዘው ነገር፣ በእኔ እምነት፣ ከሁሉ በላይ ቢሮ ነው።

ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ነበረች። የአገረ ገዢው ጽሕፈት ቤት፣ ፍርድ ቤቱና ፖሊሱ የነበሩት እዚያ ነው፤ ደመወዝ የሚበላውም ቤት የሚከራየውም እዚያ ነበር። በኋላ የዞኑ መቀመጫነት ወደ ሮቤ ሲዞር መምሪያዎቹ ሄዱ፣ ሠራተኛው ተከተለ፣ ተከራዩም አብሮ ሄደ። በ1999 መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ላይ ሲከፈት የሮቤ ድርሻ ይበልጥ ከበደ። ለጎባ የቀራት ትልቁ መተማመኛ ሪፈራል ሆስፒታሏና የዩኒቨርሲቲው የጤና ትምህርት ነው። በቅርብ ዓመታት ምሥራቅ ባሌ ጊኒርን መቀመጫ አድርጎ ራሱን የቻለ ዞን ሲሆን፣ ሮቤም በተራዋ ከምትመራው ግዛት ከፊሉን ለሌላ ከተማ ለቀቀች።

ይህን ታሪክ በባሌ ደጋ ለኪራይ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ማወቅ ያለበት ይመስለኛል። እዚህ የሚከራየው በአብዛኛው መምህር፣ ነርስ፣ የግብርና ባለሙያ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ቤቱ የግለሰብ ቢሆንም ኪራዩ የሚወጣው ከመንግሥት መዝገብ ነው። ቢሮው ሲዛወር ብሎኬቱ አብሮ አይዛወርም።

አከራይነት ራሱ በአገራችን ያለማቋረጥ የኖረ መብት አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ታወጀ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ተፈቀደለት፤ ከዚያ በላይ ያለው መኖሪያ ቤት ተወሰደ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። እስከ 300 ብር የሚከፈልባቸው ቤቶች ኪራይም ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ለድሃው ተከራይ ይህ እፎይታ ነበር፤ ክዶ መናገር አይቻልም። ነገር ግን ሁለት ክፍል ሠርታ በኪራዩ ልጆቿን የምታሳድግ ባልቴትና መንገድ ሙሉ ቤት የነበራቸው መኳንንት በአንድ ወንፊት ተነፉ። ግለሰብ ለኪራይ ቤት እንዲሠራ በሩ እንደገና የተከፈተው ከ1982ቱ የቅይጥ ኢኮኖሚ ማሻሻያ ወዲህ ነው። በአሥራ አምስቱ የክልከላ ዓመታት ከተሞቻችን ምን ያህል ቤት ሳይሠራባቸው እንደቀረ ማንም ሊገምት ይችላል። የዛሬው እጥረት ሥሩ ከዚያ ይጀምራል።

መሬቱ ያኔም ዛሬም የመንግሥት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ የከተማ መኖሪያ ቦታ እስከ 99 ዓመት በሊዝ ይያዛል። ስለዚህ በሮቤ የስንዴ ገንዘቡን ወደ ቤት የሚያዞር ገበሬ፣ በጎባም ጡረታ ሲወጣ ጓሮው ላይ ሰርቪስ የሚያስከትል የቀድሞ መምህር የሚያፈሩት ሀብት መሬቱ ሳይሆን መሬቱ ላይ የቆመው ነው። የባሌ ገበሬ «ገና» እና «ቦና» በሚባሉ ሁለት ወቅቶች ያመርታል፤ የሲናናና የአጋርፋ ወረዳዎች የስንዴ አገር ናቸው። ከአጨዳ በኋላ እጁ የገባውን ገንዘብ ከዋጋ ንረት የሚያስጥልበት ሌላ መንገድ ስለሌለው ቆርቆሮና ብሎኬት ይገዛል። ምርጫው ሞኝነት አይደለም። ስሌቱ ግን ብዙ ጊዜ ግማሽ ነው።

እስቲ ለምሳሌ ያህል እናስላው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ እያንዳንዱ በራሱ ሰፈር ዋጋ ይተካቸው። አንድ ሰው በ800,000 ብር አራት ክፍል ሰርቪስ ሠራ እንበል። እያንዳንዱን በወር 2,500 ብር ቢያከራይ በዓመት 120,000 ያገኛል። ተከራይ ወጥቶ ተከራይ እስኪገባ እያንዳንዱ ክፍል በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢውል 10,000 ይቀንሳል። ለቀለም፣ ለሚያፈስ ጣሪያ፣ ለሞላ ሽንት ቤት ጉድጓድና ለግብር 20,000 ይውጣ። የቀረው 90,000 ነው፤ ወጪውን ለመመለስ ወደ ዘጠኝ ዓመት ይፈጃል። «ቤት ከሠራህ ተቀምጠህ ትበላለህ» የሚለው ምክር ይህን ዘጠኝ ዓመት አይቆጥርም።

አሁን ደግሞ ከበሩ ወዲያ ማዶ ያለውን እንይ። በመስከረም 2018 በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛው መነሻ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። በምሳሌያችን ኪራይ ጽዳት ሠራተኛዋ ከደመወዟ ከአርባ በመቶ በላይ ለአንድ ክፍል ትከፍላለች። ጀማሪው የዲግሪ ምሩቅ አንድ ክፍል ከያዘ ከአምስት እጅ አንዱ ያህል፣ አግብቶ ሁለት ክፍል ከያዘ ከአርባ በመቶ በላይ ይሄድበታል። ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲነሳ ድርሻው የበለጠ ይከፋል። አከራዩ በዘጠኝ ዓመት የሚመለስለትን ወጪ በሦስት ዓመት ልመልስ ቢል የሚያገኘው ተከራይ የለም፤ ወይም ያገኝና በአራተኛው ወር ያጣዋል። ደመወዝ በተጨመረ ማግስት ኪራይ መጨመር በየከተማው የተለመደ ነው፤ ጭማሪው ዘይትና ጤፍ ላይ አስቀድሞ ማለቁን ግን አከራዩም በራሱ ማዕድ ያውቀዋል።

ጠቡ የሚጀምረው ግን ከገንዘቡ ይልቅ ከግቢው ነው። የእኛ አገር ኪራይ በአብዛኛው በአንድ አጥር ውስጥ የሚኖር ኪራይ ነው። ባለቤቱ ዋናው ቤት ውስጥ ይኖራል፤ ተከራዮቹ በጓሮው ተደርድረዋል። ቆጣሪው አንድ ነው። ምጣድ ማን ስንት ጊዜ ጣደ፣ ውሃው ሲመጣ ማን አስቀድሞ ቀዳ፣ የውጭ በር በስንት ሰዓት ይዘጋ፣ እንግዳ ያድር ወይስ አያድር፣ በብርዱ ወራት ከሰሉ የት ይቀጣጠል፦ ይህ ሁሉ ያልተጻፈ ውል ነው። በየወሩ መጨረሻ የመብራት ሒሳቡ በጭንቅላት ቁጥር ይካፈላል፤ አምፖል ብቻ ያበራው ወንደላጤ ከባለ ምጣዷ እኩል ይከፍላልና ያኮርፋል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ንዑስ ቆጣሪ ቢገጠምለት ከጠቡ ግማሹ ያልቃል ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ኑሮ ውስጥ ደግነትም አለ። በሮቤና በጎባ ግቢዎች የተከራይ ልጅ ከባለቤቷ ልጆች ጋር አንድ ገበታ ይቀርባል፤ ተከራይ ስትወልድ ገንፎ የምታገነፋላት እትዬ የቤቱ ባለቤት ናት። ሙግት ሲነሳም አስቀድሞ ሰው የሚሮጠው ወደ ሽማግሌ እንጂ ወደ ፍርድ ቤት አይደለም። ችግሩ ደግነቱ ሲያልቅ የሚያዝ ነገር አለመኖሩ ነው። «ልጄ ሊያገባበት ስለሆነ ልቀቅልኝ» ከተባለ ተከራዩ በሁለት ሳምንት ዕቃውን በጋሪ ይጭናል፤ በሳምንቱ ያው ክፍል በጭማሪ ለሌላ ሰው ይከራያል። በተቃራኒውም የሦስት ወር ኪራይ ሳይከፍል፣ የመብራቱን ዕዳ ትቶ በሌሊት የሚወጣ ተከራይ አለ። ሽማግሌ ሊያስታርቅ የሚችለው ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበትን ሲያውቅ ነው። የተጻፈ ነገር ከሌለ ሽማግሌውም የሚያመዛዝነው ማን አምርሮ እንደማለ ነው።

ለዚህ መልስ ይሆናል የተባለው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 አጸደቀው። ከዚያ በፊት መሠረቱ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። እሱ ዋጋውን ለሁለቱ ወገኖች ስምምነት ይተዋል፤ ጊዜው ያልተወሰነ የወር ኪራይም በማስጠንቀቂያ ሊፈርስ ይችል ነበር። በ2014 የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ኪራይ መጨመርንና ተከራይ ማስወጣትን ለተወሰኑ ወራት ከልክሎ ነበር፤ የ2016ቱ አዋጅ ግን ቋሚ ሥርዓት ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን፤ ጭማሪ ተቆጣጣሪው አካል ከሚያወጣው ጣሪያ አይለፍ፣ በዓመት ከአንድ ጊዜም አይበልጥ ይላል።

አዋጁን በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ፤ ነገር ግን ሲረቀቅ ዓይኑ አዲስ አበባን እንዳየ ያስታውቃል። ባለ አፓርታማው አከራይ የሁለት ዓመት ውል ቢፈርም ሌላ አሥር ቤት አለው። ጎባ ላይ በሁለት ክፍል ኪራይ የምትኖር አሮጊት ግን የማይከፍል ተከራይ ሁለት ዓመት ከተቀመጠባት መድኃኒቷንም መግዛት አትችልም። ሕጉ እሷንም እንዲጠብቅ ከተፈለገ የኪራይ ክርክር በአጭር ጊዜ የሚቆረጥበት ችሎት ያስፈልጋታል። ብዙ አከራዮች መመዝገብን የሚሸሹት ግብር ፈርተው መሆኑም የታወቀ ነው። የግል ቤት ኪራይ ገቢ ግብር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የክልል ገቢ ነው። ግብሩ ግን ከሙሉ ኪራዩ ላይ አይታሰብም፤ ለጥገናና ለመሰል ወጪዎች ተቀናሽ አለ። ይህን ተቀናሽ በቁጥር ጽፎ በግልጽ የሚያስረዳ አንድ ወረቀት በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቢለጠፍ ከብዙ ማስፈራሪያ የተሻለ ሥራ ይሠራል።

ከጎባ ወደ ደቡብ ሲወጣ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የሳነቴ አምባ ላይ ያልፍና ሪራን ነክቶ ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። ከጫካው ወዲያ፣ በሐረና ቡሉቅ ወረዳ፣ አንገቱ አለች፤ የጫካ ቡናና የማር አገር። እዚያ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። በሮቤ የሚጨነቁት ስለ ዋጋው ነው፤ እንዲህ ባለ ትንሽ የወረዳ ከተማ ግን ጥያቄው ቤቱ መኖሩ ነው። ሲሚንቶና ብረት ተራራ ተሻግሮ ወይም ረጅም ዙሪያ ዞሮ ስለሚደርስ ለኪራይ ብሎ ብሎኬት የሚያቆም ጥቂት ነው። አዲስ የተመደበች አዋላጅ ነርስ ለጨዋ ሰው የሚመች፣ በሩ የሚቆለፍ አንድ ክፍል ካላገኘች ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ዝውውር ትጠይቃለች፤ የእሷ መሄድ ደግሞ የሚወልዱ እናቶችን ሁሉ የሚነካ ነው። ለእንዲህ ዓይነቶቹ ቦታዎች ስለ ኪራይ ጣሪያ መናገር ቅንጦት ነው። የሚበጀው ወረዳው ለጤና ባለሙያና ለመምህር መኖሪያ ቢሠራ፣ ካልሆነም ለዚሁ ዓላማ ለሚሠራ የአካባቢ ሰው ቦታ ቢያመቻች ነው።

ለኪራይ ልሥራ የምትሉ የሮቤና የጎባ ወገኖቼ፣ ብሎኬት ከመቁጠራችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ስንት ደመወዝተኛ እንዳለና ምን ያህል እንደሚያገኝ ቁጠሩ። የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ተማሪ ግቢው ውስጥ ስለሚያድር እሱን ተማምናችሁ አትሥሩ። ሦስት ዓመት በሰዓቱ የሚከፍል ተከራይ 200 ብር ጨምሮ በየስድስት ወሩ ከሚለዋወጥ ተከራይ የበለጠ ያስገባል። ተከራዮችም፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ያዙ፤ ቤቱን ስትረከቡ ያለበትን ሁኔታ ከአከራያችሁ ጋር ጽፋችሁ ተፈራረሙ። የኦሮሚያ ክልልና የሁለቱ ከተሞች አስተዳደር ደግሞ በአማርኛም በኦሮምኛም የተዘጋጀ አንድ ገጽ የውል ቅጽ፣ ውሉን በዕለቱ የሚመዘግብ መስኮትና ክርክሩን በወራት ሳይሆን በሳምንታት የሚቆርጥ ችሎት ይክፈቱልን።